ከመመረቂያ ጥናት እስከ ጆርናል፦ የክሊኒክ ምርምርን ለኅትመት ማብቃት

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በመሀል አዲስ አበባ ባሉት ሌሎች የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ስፔሻሊቲያቸውን የሚያጠናቅቁ ሬዚደንቶች በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ሠርተው፣ በፈታኞች ፊት ቀርበው፣ አስጠርዘው ያስረክባሉ። ከእነዚህ ጥናቶች መካከል በሚገባ የተሠሩ ሆነው ሳለ ከትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ሳያልፉ የሚቀሩት ጥቂት አይደሉም። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ድክመት ወይም የውጭ ጆርናሎች አድልዎ ነው። ሁለቱም ጨርሶ ሐሰት አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ቋንቋ በኋላም ሊታረም ይችላል፤ የመጀመሪያው ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ሳይሟላ የቀረ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚሞላበት መንገድ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ከአጻጻፉ ይልቅ ለዝግጅቱ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል።

ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት

የታወቀ የሕክምና ጆርናል ጽሑፍ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥናቱን የፈቀደውን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስም፣ የፈቃዱን ቁጥርና ቀኑን ነው። ፈቃዱ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠ መሆን አለበት፤ አርታኢ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ያመሳክራልና። ከታካሚ ካርድ ብቻ መረጃ የሚወስድ ጥናትም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ታካሚዎቹን አግኝቶ ስምምነታቸውን መጠየቅ የማይቻል ከሆነ፣ ኮሚቴው ስምምነት የመጠየቁን ግዴታ ማንሣቱን በፈቃድ ደብዳቤው ውስጥ በግልጽ እንዲያሰፍር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ደጅ መጥናትን ታስቀራለች።

ጥናቱ ታካሚዎችን በዕጣ ወይም በሌላ መንገድ ደልድሎ ሕክምናን የሚሞክር ከሆነ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በይፋዊ የሙከራ መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የኅትመት ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል። መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው የፓን አፍሪካ የክሊኒክ ሙከራዎች መዝገብ በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ያለውና ያለ ክፍያ የሚያገለግል ስለሆነ ለአገራችን ተመራማሪ ምቹ ነው። የመድኃኒት ሙከራ ሲሆን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ይጨመርበታል። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ዋና የውጤት መለኪያ በኋላ በጽሑፉ ከሚቀርበው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጥንቁቅ ገምጋሚ መዝገቡን ከፍቶ ያነባል፤ መለኪያው በመሀል ከተለወጠ መቼና ለምን እንደ ተለወጠ መናገር እንጂ በዝምታ ማለፍ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደቀውና በ2024 ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምርን ሥነ ምግባር የሚደነግገው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ተመራማሪዎች የጥናታቸውን ውጤት፣ የተጠበቀውንም ያልተጠበቀውንም፣ ለሕዝብ እንዲያደርሱ ያዛል። ይህ የወረቀት ሥርዓት ብቻ አይደለም። በሕመም አልጋ ላይ ሆና ደሟን ለጥናት የሰጠች እናት በስምምነት ቅጹ የተነበበላት «ውጤቱ ወደፊት ሌሎች ሕሙማንን ይጠቅማል» የሚል ቃል ነው። ያ ቃል የሚጸናው ጥናቱ ሌላ ሐኪም አንብቦ ሊሠራበት በሚችልበት ቦታ ሲወጣ ነው፤ «አዲሱ ሕክምና ከነባሩ አልተሻለም» የሚል ውጤትም እንደ ማንኛውም ውጤት መታተም ይገባዋል።

ፕሮፖዛሉ በሚጻፍበት ጊዜ መሠራት ያለበት ሌላው ነገር ለጥናቱ ዓይነት የሚስማማውን የአዘጋገብ መመሪያ፣ ማለትም ጽሑፉ ሊገልጻቸው የሚገቡትን ነጥቦች ዝርዝር፣ ማውጣት ነው። በዕጣ ድልድል ለሚካሄድ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2025 የታደሰው ኮንሶርት አለ፤ ታካሚን ሳይነኩ በመከታተል ለሚሠራ ጥናት 22 ነጥቦች ያሉት ስትሮብ፣ ከካርድና ከመዝገብ ለሚወሰድ መረጃ ደግሞ የስትሮብ ማሟያ የሆነው ሪኮርድ ያገለግላል፤ የምርመራ ዘዴን ትክክለኛነት ለሚፈትሽ ስታርድ፣ ለነጠላ የታካሚ ታሪክ ኬር፣ ለስልታዊ የጥናቶች ዳሰሳ ፕሪዝማ ይጠቅማል። ሁሉም በኢኳተር ኔትወርክ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ብዙ ተመራማሪዎች እነዚህን መመሪያዎች የሚከፍቷቸው ጽሑፉን በሚልኩበት ዕለት ጆርናሉ ቅጹን ስለጠየቃቸው ነው፤ በዚያን ጊዜ «የጎደለ መረጃ እንዴት እንደ ተያዘ ይግለጹ» የሚል ጥያቄ ያጋጥማቸዋል፤ መልሱ ግን ካርዶቹ ወደ ካርድ ክፍል ከመመለሳቸው በፊት መያዝ ነበረበት።

ካርዱ፣ ቀኑና ሰዓቱ

በእኛ ሆስፒታሎች የሚሠራ ጥናት የሚበላሸው፣ ብዙ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት በማያነሡት ቦታ ነው፤ እሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ካርዱ ላይ የመግቢያና የመውጫ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ መረጃ ሰብሳቢው ያንኑ እንዳለ ወደ ኤክሴል ያስገባዋል፤ ኤክሴል ደግሞ ቀኑን የጎርጎርዮስ አድርጎ ያነበዋል። ጥቅምት 28 ቀን ተኝቶ ኅዳር 1 ቀን የወጣ ታካሚ በሆስፒታሉ 3 ቀን ቆይቷል፤ ኤክሴል ግን 28/2/2015 እና 1/3/2015ን እንደ ፌብሩዋሪና ማርች ቆጥሮ ቆይታው 1 ቀን ነው ይላል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/2፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀመጥና ከስሌቱ ይወጣል። በጳጉሜን የገቡ ታካሚዎች ዕጣ ከዚህ የከፋ ነው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተብሎ 6/13/2015 የተጻፈው፣ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ጁን 13 ሆኖ ይነበባል። አማካይ የቆይታ ቀን ዋና ውጤት በሆነበት ጥናት እንዲህ ያለው ስሕተት መደምደሚያውን እስከ መገልበጥ ሊደርስ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይግቡ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውም እንዳለ ይቀመጥ፤ ወደ ጎርጎርዮስ የመለወጡ ሥራ ደግሞ በእጅ ሳይሆን በአንድ ቀመር ለሁሉም በአንድነት ይሠራ። ከዚያ በኋላ የተወሰኑ ካርዶችን መርጦ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማመሳከር ያሻል። በጽሑፉ ላይ የጥናቱ ጊዜ በጎርጎርዮስ ይቀርባል፦ የ2015 ዓ.ም. ታካሚዎችን በሙሉ ያካተተ ጥናት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ያላት ስለነበረች ጊዜው 366 ቀን መሆኑን መርሳት አይገባም።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ክፍል ነርሷ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ጊዜ 3፡00 ብላ ስትጽፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቷ ነው፤ የላብራቶሪው ማሽን ግን ያንኑ ሰዓት 09፡00 ብሎ ያትማል። ታካሚ ከደረሰበት እስከ ታከመበት ያለውን ጊዜ የሚለካ ጥናት ሁለቱን ምንጮች ሳያስታርቅ ከደባለቀ የ6 ሰዓት ልዩነት ከየትም ይፈጠራል። መረጃ መሰብሰቢያው ቅጽ ላይ «የማን ሰዓት» የሚል አንድ ሳጥን መጨመር ይህን ያስቀራል። ዕድሜም ጥንቃቄ ይሻል፤ የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ ታካሚዎች 30፣ 35፣ 40 እያሉ ስለሚናገሩ፣ ዕድሜን በዐምስት ዓመት ክፍልፋይ ለማቅረብ ሲታሰብ ድንበሮቹን ከእነዚህ ቁጥሮች ላይ አለማሳረፍ ይመረጣል።

መጠይቅ ካለ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ እንደ ታካሚዎቹም ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግና ይህንኑ በጽሑፉ መግለጽ ተገቢ ነው።

ናሙናው ከላብራቶሪ ሲደርስ

የላብራቶሪ ግኝትን ወደ ሕክምና ለማሸጋገር የሚሠሩ ጥናቶች ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ደሙ ከተቀዳ በኋላ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ሴረሙ እንደ ተለየ፣ በስንት ዲግሪ እንደ ተቀመጠ፣ ስንት ጊዜ ቀልጦ እንደገና እንደ ረጋ፣ የመመርመሪያ ኪቱ አምራች ማን እንደሆነና የምርት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ ምርመራውን የሠራው ባለሙያ የታካሚውን ሁኔታ ያውቅ ወይም አያውቅ እንደ ነበር ነው። መብራት ተቋርጦ ፍሪዘሩ የሞቀበት ጊዜ ካለ ያ ቀን በሙቀት መዝገቡ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥና የተጎዱትን ናሙናዎች ለይቶ ማሳወቅ ይገባል፤ ሐቁን የተናገረ ጽሑፍ በገምጋሚ ዘንድ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ታካሚው የፈረመው ስምምነት ይህን በግልጽ ማካተት አለበት፤ በሁለቱ ተቋማት መካከልም የናሙና ማስተላለፊያ ውል ይፈረማል። ውሉ ሲረቀቅ የጽሑፉን ጸሐፊዎች ጉዳይ አብሮ ማንሣት ብልህነት ነው። ታካሚውን ያከመ፣ ናሙናውን የሰበሰበና ጥያቄውን ያነሣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በምስጋና አንቀጽ ውስጥ ተጠቅሶ የሚቀርበት አሠራር ጊዜው አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በኬፕታውን በተካሄደው የዓለም የምርምር ሐቀኝነት ጉባኤ ዋና አጀንዳ የነበረውም ይኸው የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው።

ጸሐፊ ማን ነው?

የአርታኢዎቹ ኮሚቴ መመዘኛ አራት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፦ ለጥናቱ ሐሳብ ወይም ለመረጃው ትርጉም ያለው አስተዋፅኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት መከለስ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለጠቅላላው ሥራ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ከአራቱ አንዱ የጎደለው ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ጸሐፊ አይሆንም። በእኛ ባህል ለታላቅ የሚሰጠው አክብሮት መልካም ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስለሆነ ብቻ የአንድን ሰው ስም ማስገባት፣ ጽሑፉ ላይ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ያንኑ የተከበረ ሰው ያልሠራበትን ነገር እንዲመልስ አደባባይ ማቆም ነው። የስሞቹን ቅደም ተከተል ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ በጽሑፍ መስማማት ብዙ ቅያሜን ያስቀራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጸሐፊ ሊሆን አይችልም፤ ለጽሑፉ ዝግጅት ጥቅም ላይ ከዋለም መግለጽ ግዴታ ነው።

የስም አጻጻፍም አለ። ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። አባታቸው ታደሰ ወይም ተስፋዬ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ስለሆኑ፣ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ፐብሜድ ላይ በአባት ስምና በአንድ ፊደል ብቻ የተመዘገቡ ጽሑፎች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። አንዱን አጻጻፍ መርጦ፣ በላቲን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ለብቻው የሚሰጠውን የኦርኪድ መለያ ቁጥር ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ቁጥሩ 16 አኃዝ ያለው ሲሆን ምዝገባውም ነጻ ነው።

አጻጻፉ

የመመረቂያ ጥናት ብዙ ገጾች አሉት፤ የጆርናል ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ቃላት ነው። ስለዚህ ያለውን ከማሳጠር ይልቅ እንደገና መጻፍ ይቀላል። ከሠንጠረዦቹ መጀመር፣ ከዚያ ዘዴውን፣ ውጤቱን፣ ውይይቱን፣ መግቢያውን መጻፍና አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ለመጨረሻ ማስቀረት ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። መግቢያው ከመላው ዓለም የበሽታ ጫና ተነሥቶ በአህጉር አልፎ ወደ አገር የሚወርድበትን የተለመደ ጉዞ መተው ይቻላል፤ አርታኢው የሚፈልገው ምን እንደሚታወቅ፣ ምን እንደማይታወቅና ይህ ጥናት የትኛውን እንደሚመልስ ነው። በዘዴው ክፍል ግን ቁጠባ አያስፈልግም። ጥቁር አንበሳ ከመላው አገሪቱ በሪፈር የሚመጡ ታካሚዎችን የሚቀበል መሆኑን ሌላ አገር ያለ አንባቢ አያውቅም፤ ይህም የሞትን መጠን ከወረዳ ሆስፒታል ጋር ለማነጻጸር እንደማያስችል በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ስንት ካርድ ተፈልጎ ስንቱ እንዳልተገኘ፣ ያልተገኙት ከተገኙት በምን ሊለዩ እንደሚችሉም እንዲሁ።

ውጤት ሲቀርብ ቁጥሩ ከነእርግጠኝነቱ ልክ መምጣት አለበት። ለምሳሌ ያህል «ኢንፌክሽኑ በብዙ ታካሚዎች ላይ ታይቷል» ከማለት «ከ240 ታካሚዎች መካከል በ36ቱ (15 በመቶ፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከ11.0 እስከ 20.1) ኢንፌክሽን ታይቷል» ማለት ለአንባቢው ሁሉንም ይነግረዋል። ፒ ቫልዩ (በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) ከ0.05 በታች መሆኑን ብቻ አሳይቶ ማለፍ ልዩነቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይገልጽም። በውይይቱ ክፍል ደግሞ ከካርድ የተገኘ ዝምድናን «አስከተለ» ወይም «ቀነሰ» በሚሉ ግሦች ማቅረብ ገምጋሚ ወዲያው የሚይዘው ስሕተት ነው።

ጆርናል መምረጥና ክፍያ

ጆርናል ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ውጤት ማን ቢያነበው ሥራው ይለወጣል?» የሚል ይሁን። መልሱ የአገራችን ሐኪሞች ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ከብዙ የውጭ ጆርናሎች ይልቅ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የአገር ውስጥ ጆርናልን ሌላው ሲመልሰው የሚኬድበት መጠጊያ አድርጎ ማየት ጥናቱንም አንባቢውንም ይጎዳል።

በኢሜይል የሚመጣ፣ በሚያባብል ሰላምታ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኅትመት ቃል የሚገባ ግብዣ ጥርጣሬ ይገባዋል። እውነተኛ ግምገማ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ጆርናሉ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ጆርናሎች በሚዘረዘሩበት በዲኦኤጄ ማውጫ ወይም በሕክምና ጆርናሎች የመረጃ ቋት በሜድላይን መኖሩን፣ የአርታኢ ቦርዱ አባላት በየተቋማቸው ገጽ ላይ መገኘታቸውን ማጣራት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በሐሰተኛ ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ሌላ ቦታ እንደገና ሊታተም አይችልም፤ የታካሚዎቹ መረጃ እዚያው ይቀበራል።

ክፍያን በተመለከተ ማንም ሰው ከኪሱ ዶላር ለማግኘት ባንክ ለባንክ ከመንከራተቱ በፊት የአሳታሚውን የክፍያ ምሕረት ደንብ ማንበብ አለበት። ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የሚጽፉ ተመራማሪዎችን በሙሉ ወይም በከፊል ከክፍያ ነጻ ያደርጋሉ፤ ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በሚላክበት ዕለት እንጂ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይስተናገድም። ለንባብም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ በተቋማት በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መጠየቅ ነው።

አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ክልክል ነው። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ የተቀመጠ ከሆነ ይህን በመሸኛ ደብዳቤው መግለጽ ይበቃል፤ የማመሳሰያ ሶፍትዌሩ የራስን መመረቂያ አግኝቶ ጥርጣሬ ከመፍጠሩ በፊት አርታኢው ቢያውቀው ይሻላል።

ግምገማው ሲመጣ

አርታኢው ወደ ገምጋሚ ሳይልከው ከመለሰው ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የስፋትና የተስማሚነት ነው፤ አስተካክሎ ወደ ሌላ መላክ ነው። «ከፍተኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል» የሚል መልስ ግን፣ ሲነበብ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም፣ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ደብዳቤውን አንብቦ ለጥቂት ቀን አቆይቶ፣ እያንዳንዱን አስተያየት በተራ ቁጥር ቀድቶ ከሥሩ መልስ መጻፍ ይገባል። ገምጋሚው «የናሙና መጠኑ እንዴት እንደ ተሰላ አልተገለጸም» ብሎ ከሆነ «እናመሰግናለን፤ ተስተካክሏል» የሚል መልስ ገምጋሚውን እንደገና ጽሑፉን እንዲያስስ ያደርገዋል። «ስሌቱን በዘዴ ክፍል በሁለተኛው አንቀጽ ጨምረናል፤ የተጠቀምንበትን ግምት፣ የስሕተት ወሰኑንና ለጎደለ ካርድ የጨመርነውን መጠን ገልጸናል» ቢባል ግን ገምጋሚው ባለበት ይረካል። ገምጋሚው ከተሳሳተም በአክብሮት፣ በማስረጃ፣ ያለ ምሬት አለመስማማት ይቻላል፤ ሁሉንም እሺ ማለት ጽሑፉን ያበላሻል።

ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ የማረሚያው ቅጂ ይመጣል፤ ለእርማት የሚሰጠውም ጊዜ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስምና ተቋም፣ የሠንጠረዦቹን ቁጥሮች ከዋናው መረጃ ጋር፣ የፈቃዱን ቁጥርና የጥናቱን ቀኖች አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል። ከታተመ በኋላ ስሕተት ከተገኘ ለአርታኢው ጽፎ እርማት ማስወጣት ግዴታ ነው። ስም የሌለበት የመረጃ ፋይልና ትንተናው የተሠራበት ኮድ ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ውጭ፣ ትምህርት ክፍሉ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። የጽሑፉም ቅጂ መረጃው ለተወሰደበት ዋርድ ኃላፊና ለካርድ ክፍሉ ይድረስ፤ ውጤቱ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ እንዲቀርብም ቀጠሮ ይያዝ።